‹‹ኬሞ›› ታዟል፤ መውለድስ እችላለሁ?

በሴቶች የመራቢያ አካላት ላይ የሚከሰት ካንሰር ሲነሳ ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው በዕድሜ ገፋ ያሉ እናቶች ሕመም ነው። በጥቅሉ ሲታይ ይህ እውነትነት አለው። ይሁንና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴቶችን፣ አልፎ ተርፎም ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጃገረዶችን የሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች አሉ። እነዚህን ከሌሎቹ የሚለያቸው አንድ ትልቅ ነገር ለኬሞቴራፒ ያላቸው ምላሽ ነው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭተው እንኳ ሙሉ በሙሉ ሊድኑ ከሚችሉት ጥቂት የካንሰር ዓይነቶች ተርታ ይመደባሉ።

ችግሩ ‹‹ኬሞ›› የሚለው ቃል ከሐኪሙ አፍ ሲወጣ ይህን የሚያስብ አለመኖሩ ነው። ቃሉ በብዙ ቤት የሚታወቀው ከሞት ጋር ተያይዞ ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ ኬሞ ጀምሮ ሲያርፍ ያየ ቤተሰብ ‹‹መድኃኒቱ ገደለው›› ብሎ ያምናል፤ ሕመምተኛው ዘግይቶ መምጣቱን አያነሳም። በዚህ ምክንያት ልትድን የምትችል ወጣት ሕክምና ሳትጀምር ከሆስፒታል ተይዛ ትወጣለች፤ ወይም ሁለት ዙር ወስዳ ‹‹አሁን ተሽሎኛል›› ብላ ትቀራለች። ከፍርሃቱ ሁሉ ሥር ደግሞ ብዙዎቹ ወጣቶች በቤተሰብ ፊት አፍ አውጥተው የማይጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ‹‹ከዚህ በኋላ መውለድ እችላለሁ?›› የሚል። መልሱ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በዛሬው ዓምዳችን በወጣትነት በሚያጋጥሙት ላይ አተኩረን እናያለን።

ከእርግዝና የሚነሳው ካንሰር

አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ሴት እንበል። የወር አበባዋ ቀርቷል፤ የሽንት ምርመራው ነፍሰ ጡር መሆኗን አሳይቷል። ማቅለሽለሹና ትውከቱ ግን ከልክ አልፏል፤ ሆዷም ከወሩ በላይ ገፍቷል። ከዚያ መድማት ይጀምራታል። አልትራሳውንድ ስትነሳ ማህፀኗ ውስጥ ጽንስ የለም፤ የሞላው እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገጉ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ሐኪሞች ይህን ሞላር እርግዝና ይሉታል።

ሞላር እርግዝና የሚመጣው ገና ከመጀመሪያው፣ እንቁላሉና የወንዱ ዘር ሲገናኙ በሚፈጠር መዛባት ነው። ሙሉ ሞላር በሚባለው ዓይነት የእናትየዋ ዘረመል ከእንቁላሉ ጠፍቶ የአባትየው ብቻ ይቀራል፤ በዚህም ጽንስ ሳይፈጠር እንግዴ ልጅ ሊሆን የሚገባው ሕዋስ ብቻውን ያለ ልክ ያድጋል። ከፊል ሞላር በሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ሁለት የወንድ ዘሮች ወደ አንድ እንቁላል ይገባሉ። ዝርዝሩን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ‹‹ከባድ ዕቃ ስላነሳች ነው››፣ ‹‹ዓይን በልቷት ነው››፣ ‹‹ቀድሞ ያስወረደች ብትሆን ነው›› የሚሉት የሰፈር ፍርዶች አንዳቸውም እውነት አይደሉም። ሴቲቱ ያደረገችውም ሆነ የተወችው ነገር አያመጣውም።

የመጀመሪያው ሕክምና ማህፀኗን በመሳቢያ መሣሪያ ማጽዳት ሲሆን አብዛኞቹ ሴቶች በዚሁ ይድናሉ። ሙሉ ሞላር ካጋጠማቸው 100 ሴቶች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ግን የቀረው ሕዋስ ማደጉን ይቀጥልና የማህፀንን ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፤ በደም አማካይነትም ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ሊሄድ ይችላል። በከፊል ሞላር ይህ የሚያጋጥመው ከ100 ከአንድ እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ነው። ኬሞቴራፒ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ካንሰር ሁልጊዜ ከሞላር እርግዝና በኋላ ብቻ አይመጣም። ኮሪዮካርሲኖማ የሚባለው ኃይለኛው ዓይነት ከውርጃ፣ አልፎ አልፎም ጤነኛ ልጅ ከተወለደ በኋላ ሊነሳ ይችላል። አራስ ከሆነች ወራት ያለፋት ወይም ጽንስ የወረዳት ሴት መድማቱ አልቆም ሲላት፣ ወይም ቆሞ ተመልሶ ሲመጣባት፣ ‹‹የወሊድ መከላከያው ነው›› ወይም ‹‹ሰውነቴ እስኪስተካከል ነው›› ብላ ወራትን ባታሳልፍ ይመረጣል። ደም የቀላቀለ ሳል የጀመራትም እንዲሁ። በአገራችን ደም የሚያስል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቅርቡ ላረገዘች፣ ለወለደች ወይም ለወረዳት ወጣት ሴት አንድ ቀላል የእርግዝና ምርመራ አብሮ ቢደረግ ትልቅ በሽታን ቀድሞ ያሳያል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አለ።

የእርግዝና ምርመራ ይህን ካንሰር የሚያሳየው በምክንያት ነው። እነዚህ ሕዋሳት የእንግዴ ልጅ ዘር በመሆናቸው ነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን በብዛት ያመርታሉ። በደም ውስጥ ያለው መጠን በቁጥር ሲለካ በሽታው መጨመሩን፣ መቀነሱን ወይም መጥፋቱን ይናገራል። ከብዙዎቹ ካንሰሮች በተለየ ፎቶና ቢላዋ ሳያስፈልግ በደም ጠብታ በሽታውን መከታተል ይቻላል ማለት ነው። ማህፀኗ የተጸዳላት ሴት ቁጥሩ ወደ ጤናማ መጠን እስኪወርድ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም በየወሩ ለተወሰነ ጊዜ መለካት አለባት።

ብዙዎች የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው። መድማቱ ቆሟል፣ ሆድ ጎድሏል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የምርመራው ዋጋም አለ። ‹‹ጽንሱ ወርዶላታል›› ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በሽታው ሳንባ ወይም አእምሮ ደርሶ ትመለሳለች። እኛን ቢጠይቁን፣ ሞላር እርግዝና ያጋጠማት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ከመድኃኒት ማዘዣው ቀድሞ በእጇ ሊያዝ የሚገባው የሚቀጥለው የደም ምርመራ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው።

ኬሞቴራፒ ሲያስፈልግ ሐኪሞች በመጀመሪያ ነጥብ ይሰጣሉ። የሴቲቱ ዕድሜ፣ የቀደመው እርግዝና ምን እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ወር እንዳለፈ፣ የሆርሞኑ መጠን፣ የዕጢው ስፋት፣ የት የት እንደተሰራጨ ይደመራል። እስከ 6 ነጥብ ያላት ዝቅተኛ ሥጋት፣ 7 እና ከዚያ በላይ ያላት ከፍተኛ ሥጋት ውስጥ ትመደባለች። ለዝቅተኛው ምድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የተባለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። በተለመደው አሰጣጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀን እያለፈ አራት ጊዜ በመርፌ ይወጋል፤ በመሃሉ ባሉት ቀናት ጤነኛውን ሕዋስ የሚታደገው ፎሊኒክ አሲድ ይሰጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። በዚህ አሰጣጥ ጸጉር ጨርሶ አይረግፍም ለማለት ይቻላል። እሱ ብቻውን ካልበቃ ወደ ሌላ መድኃኒት ይዞራል። በዚህ ምድብ ያሉ ታካሚዎች ሕክምናቸውን ከጨረሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ። በከፍተኛው ምድብ ያሉት አምስት መድኃኒቶችን በቅንጅት ይወስዳሉ፤ ሕክምናው ይከብዳል፣ ጸጉርም ይረግፋል፤ ቢሆንም በተሟላ ማዕከል ከታከሙት አብዛኞቹ ይድናሉ።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ሚን ቺው ሊ የተባሉ ቻይና ተወላጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሜቶትሬክሴትን በኮሪዮካርሲኖማ ለሞት ለተቃረበች ወጣት ሴት ሰጡ፤ ዕጢው ከሳንባዋ ጠፋ። የሚታይና የሚዳሰስ ዕጢ በመድኃኒት ብቻ ሲድን ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ሊ ግን በዚያ አላበቁም። ዕጢው በራጅ ባይታይም ሆርሞኑ በጥቂቱ እስካለ ድረስ መድኃኒቱን አላቆምም አሉ። አለቆቻቸው ‹‹ጤነኛ ሰው ላይ መርዝ እየጨመረ ነው›› ብለው ከሥራቸው አሰናበቷቸው። ጊዜ አልፎ ሲታይ ቀድመው ያቆሙት ታካሚዎች በሽታው ሲመለስባቸው፣ ሆርሞኑ እስኪጠፋ የታከሙት ድነው ተገኙ። ሊ በ1972 ከታላላቆቹ የሕክምና ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የላስከር ሽልማት ከሌሎች ጋር ተቀበሉ። ዛሬም ሆርሞኑ ወደ ጤናማ መጠን ከወረደ በኋላ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ዙር የሚሰጠው ከዚህ የተነሳ ነው። ‹‹ውጤቴ ጥሩ ሆኗል፣ ለምን ጨመሩብኝ?›› ለምትል ታካሚ መልሱ ይሄው ነው፤ ምርመራው ሊያያቸው የማይችላቸው ጥቂት ሕዋሳት ይቀራሉ።

የመውለዱ ነገርስ? በዚህ ካንሰር ማህፀን ማውጣት የግድ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ኬሞቴራፒው ካለቀ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ መጠቀም ይጠበቅባታል። ምክንያቱም አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ከፍ ስለሚያደርገው በሽታው ተመልሶ ይሁን ጽንስ ተይዞ መለየት ያስቸግራል። ዓመቱ ካለፈ በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች እንደማንኛዋም ሴት አርግዘው ይወልዳሉ። ሞላር እርግዝና የሚደገመው ከ100 ከአንድ እስከ ሁለት በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ቀጣዩ እርግዝና ሲመጣ ታሪኳን ተናግራ በጊዜ አልትራሳውንድ መነሳት፣ ከወለደች በኋላም ሆርሞኑን አንድ ጊዜ ማስለካት ይኖርባታል።

ልጃገረድ ሆዷ ሲገፋ

ሁለተኛው የወጣቶች ካንሰር የሚነሳው ኦቫሪ ከተባለው የእንቁላል ማምረቻ፣ ራሳቸው እንቁላል ከሚሆኑት ሕዋሳት ነው። የሚበዛው ከአሥራዎቹ ዕድሜ እስከ ሃያዎቹ ባለው ጊዜ ነው። ዕጢው ፈጥኖ ያድጋል፤ በሳምንታት ውስጥ ሆድ ይነፋል፣ ይጠጥራል፣ አንዳንዴም ዕጢው ሲጠማዘዝ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ያመጣል።

እዚህ ላይ ከበሽታው ባላነሰ የሚጎዳ ነገር አለ። ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ቤተሰብ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ቁጣው፣ ዱላው፣ ከትምህርት ማስቀረቱ፣ ‹‹አባቱን ተናገሪ›› የሚለው ምርመራ ይከተላል። ነገሩን የሚያባብሰው አንዳንዶቹ የኦቫሪ ዕጢዎች ቀደም ሲል የጠቀስነውን የእርግዝና ሆርሞን ማመንጨታቸው ነው፤ የሽንት ምርመራ እርግዝና አለ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ልጅቷ ላይ መፍረድ ልክ አይደለም። አልትራሳውንድ ያየ ሐኪም ጽንስ አለ ካላለ በስተቀር ጥያቄው አልተዘጋም።

ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ወገን ብቻ የሚገኝ በመሆኑ የተጎዳውን ኦቫሪ አውጥቶ ሌላውንና ማህፀኑን ማትረፍ ይቻላል። በዕድሜ በገፉ ሴቶች በሚከሰተው የኦቫሪ ካንሰር ሁሉንም ማውጣት የተለመደ ነው፤ በወጣቶቹ ዓይነት ግን በሽታው ቢሰራጭም እንኳ ኬሞቴራፒው ቀሪውን ስለሚያጠፋ ጤነኛውን ኦቫሪ መቁረጥ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በመሆኑም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ‹‹ሌላው ኦቫሪዬና ማህፀኔ ይተርፋሉ ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጊዜ የሚሰጥ ከሆነም ቀዶ ሕክምናው የሴቶችን ካንሰር በተለይ በሚያክም ስፔሻሊስት ቢሠራ ይመረጣል፤ አንዴ የወጣ አካል አይመለስምና።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠው የተለመደው ቅንብር ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድና ሲስፕላቲን የተባሉ ሦስት መድኃኒቶችን የያዘ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ወይም አራት ዙር ይሰጣል። ከባድ ነው፤ ግን አጭር ነው። በሦስት ወር ገደማ ይጠናቀቃል። በጊዜ ከታወቀ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ አብዛኞቹም የወር አበባቸው ተመልሶ በቀረው አንድ ኦቫሪ ያረግዛሉ።

የማህፀን በር ካንሰር መልስ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ለማለሳለስ ሲባል እውነቱን መደበቅ አይገባም። በጣም በጊዜ ከተገኘ ማህፀኑን አትርፎ የታመመውን ክፍል ብቻ ማንሳት የሚቻልበት ሁኔታ አለ። ስፋት ካገኘ በኋላ ግን ዋናው ሕክምና ጨረር ሲሆን፣ ኬሞቴራፒ በየሳምንቱ አብሮ የሚሰጠው ጨረሩን ለማገዝ ነው። ጨረሩ ኦቫሪንም ማህፀንንም ስለሚጎዳ ከዚያ በኋላ እርግዝና አይታሰብም። ለአንዳንድ ወጣቶች ኦቫሪን በቀዶ ሕክምና ከጨረሩ ክልል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ይህም ልጅ ባያስወልድ ያለ ዕድሜ ከሚመጣ ማረጥ ያድናል። ይህን ካንሰር ከመነሻው የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት መጀመሩን በዚሁ አጋጣሚ ማስታወስ ተገቢ ነው።

መድኃኒቱ ኦቫሪ ላይ ምን ያደርጋል?

ሴት ልጅ የምትወለደው ዕድሜ ልኳን የሚበቃትን እንቁላል ይዛ ነው፤ አዲስ አይመረትም። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ከዚህ ክምችት ይቀንሳሉ። ሁሉም እኩል አይጎዱም። ሳይክሎፎስፋማይድና የእሱ ዘመዶች ይከፋሉ፤ ሜቶትሬክሴት በኦቫሪ ላይ ያለው ጉዳት አነስተኛ ነው። የመድኃኒቱ ጠቅላላ መጠንም ይወስናል፤ ዕድሜም እንዲሁ። የሃያ ዓመቷ ክምችት ስለሚበዛ የሠላሳ ስምንት ዓመቷ ከምትጎዳው በጣም ያነሰ ትጎዳለች።

በሕክምናው ወራት የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቆም ይችላል። ብዙዎች ‹‹በቃ መሀን ሆንኩ›› ብለው ያለቅሳሉ። በወጣቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ ይመለሳል። በሌላ በኩል የወር አበባ መቆም እርግዝናን አይከለክልም፤ በኬሞቴራፒ ላይ እያሉ መጸነስ ደግሞ ለጽንሱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ያገባች ሴት ከባለቤቷ ጋር ተነጋግራ የወሊድ መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን መጠቀም ይኖርባታል። የምታጠባ እናት ከሆነችም ጡት ማቆሙን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት፤ መድኃኒቱ በወተት ያልፋል።

እንቁላልን ወይም ጽንስን አቀዝቅዞ ማቆየት በሌላው ዓለም ከኬሞቴራፒ በፊት የሚደረግ ነገር ነው። በአገራችን ለአብዛኛዋ ታካሚ በቅርብ የሚገኝ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቢሆንም ጥያቄው ራሱ ጥቅም አለው። ‹‹ልጅ እፈልጋለሁ›› ብላ ከመጀመሪያው የተናገረች ታካሚ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ምርጫና የቀዶ ሕክምናውን ስፋት ሲወስን ፍላጎቷን ከግምት ያስገባዋል። ጊዜው ደግሞ ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት ነው።

ቤት ውስጥ

ኬሞቴራፒ ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። ካንሰሩ ይባዛል፤ የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት መቅኔም ይባዛሉ። ጸጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለውና ደም የሚያንሰው በዚህ የተነሳ ነው። መድኃኒቱ ‹‹አልስማማ አለኝ›› ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው ትኩሳት ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ዝቅ ይላል። በዚያን ጊዜ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አንድ ቴርሞሜትር ገዝቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ‹‹እስኪ ትደር›› ማለት ብዙ ያስከፍላል። ሆስፒታል ሲደርሱም በመጀመሪያው ቃል ‹‹ኬሞ ላይ ናት›› ብሎ መናገር ወረፋ እንዳያስጠብቃት ይረዳል።

ምግብን በተመለከተ ክልከላው ከሚወራው ያነሰ ነው። በደንብ የበሰለ ሁሉ ይበላል። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ግን ይቅር። አፏ ለቆሰለ አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ ገንፎ፣ በርበሬ የሌለው አልጫ ይሻላታል። የትውከት መከላከያው መድኃኒት ትውከቱ ከመምጣቱ በፊት፣ እንደታዘዘው ይወሰዳል። ሲስፕላቲን የምትወስድ ሴት ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ብዙ ፈሳሽ መጠጣት አለባት፤ ጆሮዋ ውስጥ ጭው ካለባት ወይም ጣቶቿ ከደነዘዙ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሳታስቀር ትናገር። ብሊዮማይሲን የምትወስደው ደግሞ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከጀመራት ቶሎ ታሳውቅ፤ መድኃኒቱ ሳንባን ሊጎዳ ስለሚችል ይቆማል።

ሜቶትሬክሴት ላይ ያለች ሴት ሁለት ነገር ትጠንቀቅ። ለእርግዝና ወይም ለደም ማነስ ተብሎ ቤት የተቀመጠ ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን የመድኃኒቱን ሥራ ሊያዳክም ይችላል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ይዘው መርዛማነቱን ሊጨምሩ ይችላሉ። ማንኛውም የቅጠልና የሥር መድኃኒትም ቢሆን ከመወሰዱ በፊት ለሐኪም ይነገር። ‹‹ይቆጡኛል›› ብሎ መደበቅ የሚጎዳው ታካሚዋን ነው።

ጾምና ጠበል ሳይነሱ አይቀሩም። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ የሚሆንበት ሥርዓት በክርስትናም በእስልምናም አለ፤ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት መምህርን ማማከር ልብን ያሳርፋል። ጠበልና መድኃኒትም የሚጣሉ አይደሉም፤ የኤችአይቪ መድኃኒትን በሚመለከት የሃይማኖት አባቶች ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። አስቸጋሪው ቀጠሮን ትቶ ለሳምንታት ጠበል ቦታ መክረም ነው። ነጭ የደም ሕዋስ በሚያንስበት ሳምንት ሰው ከሚጨናነቅበት ቦታና ብዙ ጠጥቶ ከማስመለስም መቆጠብ ይገባል፤ የሚሻለውን ጊዜ ሐኪሙ ይነግራታል።

ጸጉር በሚያረግፉት መድኃኒቶች መርገፉ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ጸጉሯን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ተደርጋ ስለምትታይ ጉዳዩ ከመልክ በላይ ነው። ሳይጀምር አሳጥሮ መቆረጥና ሻሽ ማዘጋጀት ድንጋጤውን ይቀንሳል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት መልሶ ይበቅላል። ‹‹ጸጉር ምን አላት፣ ዋናው ሕይወት ነው›› የሚለው ማጽናኛ ግን ብዙም አያጽናናም፤ ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይሻላል።

ማን ያውቃል?

በአገራችን ቤተሰብ ‹‹እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች›› ብሎ ሐኪምን መለመኑ የተለመደ ነው። ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን እዚህ የገለጽናቸው ሕክምናዎች በሙሉ በታካሚዋ ላይ የሚደገፉ ናቸው። የደም ምርመራዋን ቀን የምትቆጥረው፣ ትኩሳቱን ቀድማ የምታውቀው፣ መከላከያውን የምትወስደው እሷ ናት። ‹‹ትንሽ ቁስለት ነው›› የተባለች ወጣት በሦስተኛው ዙር ስትደክም ለምን ትመለስ? ደግሞም የሃያ ዓመት ሴት በአልጋዋ አጠገብ ያሉትን አይታ መረዳቷ አይቀርም፤ ልዩነቱ ብቻዋን መረዳቷ ነው። ስሙ ይነገራት፤ ከስሙ ጋር የመዳን ዕድሉም አብሮ ይነገራት።

ወጪውና ርቀቱ ሌላው ፈተና ነው። ለረጅም ዓመታት የካንሰር ሕክምና ማለት ጥቁር አንበሳ ማለት ነበር። ዛሬ ኬሞቴራፒ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳና በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ከክልል የሚመጣ ቤተሰብ ሕክምናው በቅርቡ መኖሩን ሳያጣራ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ጥሪቱን ባይጨርስ መልካም ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን በሥርዓቱ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ማስያዝ አለበት። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አቅም ለሌላቸውና ከሩቅ ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል፤ በሆስፒታሎች ያሉ የማህበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች መንገዱን ያሳያሉ።

ሕክምናው ሲያልቅ ታካሚዋ ከሆስፒታል አንድ ወረቀት ጽፈው እንዲሰጧት ትጠይቅ፤ የካንሰሩ ዓይነት፣ የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ስም፣ የዙሩ ብዛትና የመጨረሻው ቀን የሰፈረበት። ከዓመታት በኋላ ለመውለድ ስትሄድ አዋላጇ፣ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ስትተኛም ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ያንን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ በተለይ ብሊዮማይሲን ወስዳ ከነበረ ማደንዘዣ ሰጪው የሚሰጣትን የኦክስጅን መጠን የሚወስነው ያንን አይቶ ነው።